አባባ፣ ያቺን የአቡጀዲ ልብስ ያስታውሷታል?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ እንዴት ሰነበቱ፣ ጉልበቶስ እንዴት ነው፣ የደሴ ብርድ በረታ ወይ? እኛ እዚህ አዲስ አበባ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንዳይሉኝ፣ የምነግሮት ነገር በስልክ የሚሆን ስላልመሰለኝ ነው። ትንሿ ታነብሎታለች፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ በሏት፣ እሷ መቸኮል ትወዳለች።

ባለፈው እሁድ ቁም ሳጥን ሳጸዳ ያኔ የሰፉልኝን የካራቴ ልብስ አገኘሁት። ብብቱ ስር ያስገቧት አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ ደሞ እግሬን ሳነሳ እንዳይተረተር ብለው የሱሪው መሀል ላይ ደርበው የሰፉት ስፌት እስካሁን አንድ ክር አለቀቀም፣ ከሱቅ የገዛሁትን ስንቱን ቀድጄ ጥዬ የእርሶ 22 ዓመት ቆየ። የቀኙ እጅጌ ጫፍ ብቻ ነው የሄደው፣ እሱም ጨርቁ አርጅቶ እንጂ ስፌቱ አይደለም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ይዤው ቀረሁ።

አባባ አንድ ነገር ሳልነግሮት ኖሬያለሁ። ካራቴ ልማር ብዬ የለመንኮት ስፖርት ስለምወድ አልነበረም። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ከትራፊ ጨርቅ የሰፉልኝን ቀሚስ አይቶ "አቡጀዲ" ብሎ ስም አወጣልኝ፣ ከዛ ክፍሉ በሙሉ አቡጀዲ ሆነ የሚለኝ። እርሶ ቀኑን ሙሉ ሲንጀሩ ላይ ጎንበስ ብለው የሰፉትን ቀሚስ እኔ የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስደርስ ሹራብ ደርቤ እሸፍነው ነበር፣ ሙቀትም ቢሆን አላወልቅም። ይቅር ይበሉኝ። ወጣት ማዕከል ሄጄ የተመዘገብኩት የዛን ልጅ አፍንጫ ለመስበር ነው።

ጎረቤት ደሞ "ሴት ልጅ እግሯን እየሰቀለች" እያለ ሲያማ እማዬ ነፍሷን ይማረውና ትንሽ አመንትታ ነበር፣ እርሶ ግን ምንም ሳይሉ ሜትሩን ከአንገቶ ላይ አውርደው ለኩኝ። ጨርቁን ገዝተው ሲመጡ አቡጀዲ ሆኖ አገኘሁት። የዛን ቀን ማታ ያለቀስኩት እርሶ በደስታ መስሎት ነበር።

ወጣት ማዕከል የጠበቅኩትን አላገኘሁም። ወራት ሙሉ አቋቋም ብቻ፣ ጉልበት በርከክ፣ ወገብ ቀጥ፣ ሲገቡ እጅ መንሳት ሲወጡ እጅ መንሳት። ከዛ ሄያን ሾዳን የሚባለውን የመጀመሪያ ካታ ጀመርን፣ ካታ ማለት ለብቻ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሰራ የእንቅስቃሴ ስብስብ ነው፣ ይሄኛው 21 እንቅስቃሴ ነው፣ መጀመሪያው ደሞ መምታት አይደለም፣ ወደ ግራ ዞሮ የሚመጣውን እርግጫ በእጅ ወደታች መመለስ ነው፣ ሄያን የሚባሉት አምስቱም ካታዎች እንደዛው በመከላከል ነው የሚጀምሩት። አሰልጣኛችንን "መቼ ነው የምንማታው?" ብዬ ስጠይቀው ስለ ፉናኮሺ ነገረኝ። በ1868 እ.ኤ.አ. ኦኪናዋ የተወለደ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ በ1922 ቶኪዮ ሄዶ ይሄን ነገር ለጃፓኖች ያሳየው እሱ ነው፣ "ካራቴ ውስጥ ቀድሞ መምታት የለም" የሚለውም የሱ ቃል ነው። ካራቴ ማለት ራሱ ባዶ እጅ ማለት ነው አባባ። ኋላ ላይ ያወቅኩትን ልንገሮት፣ ያኔ ቶኪዮ ላይ የለበሰውን ነጭ ልብስ ጨርቅ ገዝቶ በገዛ እጁ ሰፍቶ ነው ይባላል። ይቺን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እርሶ ኖት።

በሁለተኛው ዓመት ልጁ ቧንቧው ጋ ገፈተረኝ። ግራ እጄ ሳላስበው ወርዶ እጁን መለሰው፣ ቀኙ ተጨብጦ ወገቤ ላይ ተቀምጧል፣ ልክ ካታው ላይ እንዳለው። ፊቱ ቅርቤ ነበር፣ አይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፣ ከንፈሩ ላይ የደረቀ የሻይ ምልክት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚች ደቂቃ ነበር የተዘጋጀሁት፣ እጄ ግን ወገቤ ላይ ቀረ። ዞሬ ጄሪካኔን አነሳሁ። አቡጀዲ ማለቱን ከዛም በኋላ አልተወም። እኔ ግን ሹራቡን አወለቅኩ።

ደሞ ሌላም አለ፣ "ፈተናው ተላለፈ" ያልኮት ውሸት ነው፣ ቡናማ ቀበቶ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ወገብሽ አይዞርም ይሉኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ተስፋ ቆርጬ ልተወው ስል ትዝ ያለኝ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ያጠመምኩትን ጠርዝ ሦስቴ "ተርትሪው" ብለው ያስፈቱኝ ነው። አልተቆጡም፣ ምላጩን ብቻ ነው የሰጡኝ። እኔም ካታዬን እንደዛ ተረተርኩት፣ አንድ አቋቋም አንድ ሳምንት።

በ2021 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ኪዩና የሚባል የኦኪናዋ ሰው በካታ ወርቅ ሲወስድ የሞተች እናቱን ፎቶ ይዞ ነው ሜዳልያ መቀበያው መድረክ ላይ የቆመው። እኔም ከሲንጀሩ በላይ የሰቀሉት የእማዬ ፎቶ መጣብኝ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ብቻዬን ተንሰቀሰቅኩ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ። እርሶም ከወንበር ሲነሱ መጀመሪያ እግሮን ትንሽ ከፈት፣ ተረከዞን ወደ ወንበሩ ጠጋ፣ ከዛ ከደረቶ ወደፊት ጎንበስ ብለው በጭኖ ይነሱ፣ ጠረጴዛውን ይዘው ታዲያ፣ ትንሿ ታሳዮት። በሩ ጋ ወደቁ ሲሉኝ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት።

ከልጆቹ አንዷ 11 ዓመቷ ነው፣ ልብስ መግዛት ስላልቻሉ በትምህርት ቤት ቱታ ነው የምትሰራው፣ ሁሌ ኋላ ትቆማለች። ልኬቷን ወስጄያለሁ፣ አራት ሜትር አቡጀዲም መርካቶ ገዝቻለሁ፣ ለፋሲካ ይዤው እመጣለሁ። አይኖ መርፌ ቀዳዳ አላይ እንዳለ ነግረውኛል፣ ክሩን እኔ እሰካለሁ፣ መኪናውንም እኔ እረግጣለሁ፣ መቀሱ ግን የእርሶ ነው። የብብቷን ቁራጭ እንዴት እንደሚያስገቧት ያሳዩኝ፣ ያቺን ብቻ እስካሁን አልቻልኳትም።

ልጆ