የባለጉዳይ ሰዓት የሚጀምረው ከቤቱ ነው
ለኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኮሚሽነር፣

ባለፈው ወር እናቴን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ጉዳዩ ቀላል ነው፣ አንድ ማስረጃ ማሳደስ። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር፣ መሥሪያ ቤቱ አገልግሎቱን በስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ቃል የሚገባበት ጽሑፍ፣ ተለጥፏል። የእኛ ጉዳይ በ20 ደቂቃ ያልቃል ይላል። ውሸት አይደለም፤ ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ከደረሰ በኋላ 20 ደቂቃም አልፈጀም። እኛ ግን ከቤት የወጣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የተመለስነው ከቀኑ 9 ሰዓት።

በመሃል የሆነውን ቻርተሩ አያውቀውም። ጥበቃው «ወረፋ ያዙ» አለን፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አልነገረንም። አንድ ሰዓት ተኩል የቆምንበት ሰልፍ የሌላ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ኮፒ አምጡ ተባልን። መንገድ ተሻግረን ስንሄድ መብራት የለም። በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ስንደርስ የመስታወቱ ቀዳዳ ከእናቴ ደረት በታች ነው። ወገቧን ያማታል፣ ጎንበስ ማለት አትችልም። ልጅቷ ከውስጥ ትናገራለች፤ እናቴ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ትላለች። ዞር እንዳልን «ምን አለችሽ?» አልኳት። «እኔ እንጃ፣ አልሰማኋትም» አለችኝ።

ልጅቷ ትሁት ነበረች። ይህን አጥብቄ የምጽፈው ስለ አገልግሎት ሲነሳ ሁላችንም ወደ ሠራተኛው ጠባይ ስለምንሮጥ ነው። የዚያን ቀን ያስቸገረን ቀዳዳው ነው። መስታወቱ ሲገጠም አንዲት አሮጊት ፊቱ ቆማ እንድትሞክረው ያደረገ ሰው አልነበረም።

እኔ የምሠራው ደንበኛ የሚያስተናግዱ ሠራተኞችን በማሠልጠን ነው። ስላይድ ማሳየት ብዙም እንደማይለውጥ ያየሁት እዚያው ነው። የሚለውጠው ቦታ መቀያየር ነው፤ እኛ ሮል ፕሌይ የምንለው። አንድ ጊዜ ስድስት ዓመት መስኮት ላይ የሠራ ልጅ ባለጉዳይ ሆኖ እንዲጫወት አደረግን። «ማንበብ አትችልም» አልነው። ባልደረባው ፎርም ሰጠውና እንደልማዱ «እዛ ላይ ተጽፏል እኮ» አለው። ልጁ ፎርሙን እንደያዘ ዝም ብሎ ቆመ። ልምምዱ ካለቀ በኋላም ወዲያው አልተቀመጠም። «ይቺን ነገር እኔም በየቀኑ እላታለሁ» አለ።

የበርገር ቤት የነበራቸው የማክዶናልድ ወንድማማቾችም አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ውስጥ አዲሱን ኩሽናቸውን ያቀዱት እንዲህ ነበር። ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። የቴኒስ ሜዳ ላይ ምድጃውንና ጠረጴዛውን በጠመኔ ሣሉ። ሠራተኞቹ ምንም ሳይዙ እንደሚጠብሱ፣ እንደሚያቀብሉ ሆነው ተንቀሳቀሱ። ሲጋጩ መስመሩን አጥፍተው እንደገና ሣሉ። ጠመኔን ማጥፋት የተገነባ ግድግዳ እንደማፍረስ አይከብድም።

መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ከልቤ ተደስቻለሁ። ከቢሮ ቢሮ መንከራተትን የሚያስቀር ሐሳብ ነው። ልመናዬም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ማንኛውም አዲስ ማዕከል ከመከፈቱ በፊት አዳራሹ ገና ባዶ እያለ ልምምድ ይደረግበት። ወለሉ ላይ ይሰመር። ሠራተኞቹ ባለጉዳይ ይሁኑ። ሕፃን ያዘለች እናት፣ መስማት የተሳነው ሰው፣ ሶማሊኛ ወይም ሲዳምኛ ብቻ የሚናገር ሰው ሆነው ይግቡ። በተለይ «ሲስተም የለም» የሚባልበትን ቀን ይለማመዱት። ለተሰበሰበው ሰው ማን ይነግረዋል? በስንት ሰዓት? ምን ብሎ? ከገጠር ለመጣ ሰው «ነገ ተመለስ» ማለት የአልጋና የትራንስፖርት ብር ነው፣ አንዳንዴም የሌለው ብር።

ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ባለሙያ ባለጉዳይን አስፈቅዶ ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ይከተለው። አይርዳው፣ አያርመው። የት እንደቆመ፣ ማንን እንደጠየቀ፣ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ብቻ ይጻፍ። የኃላፊ ጉብኝት ይህን አይተካም፤ ጉብኝት ባለበት ቀን ሁሉም ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ቻርተሩም ከዚህ ማስታወሻ ተነስቶ ይስተካከል። ከ20 ደቂቃው ጎን የባለጉዳዩ ሰዓትም ይጻፍበት።

ልምምዱን ለመጀመር ፈቃደኛ ከሆኑ የአንድ ሳምንት ጊዜዬን ያለ ክፍያ እሰጣለሁ። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። መስኮቱን ለመሞከር እመጣለሁ ብላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ