ከጋሼ ጋር ባቡር ለተሳፈራችሁ ሁሉ

ጋሼን ከቀበርን ሃምሳ ቀን ሊሞላ ነው። አርባውም ወጥቷል። ድንኳኑ ተነቅሏል፣ የእድሩ ወንበርና ብረት ድስት ተቆጥሮ ተመልሷል። ይህን የምስጋና መልእክት መጻፍ የነበረብኝ በሠልስቱ ሰሞን ነበር። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ተውኩት። ስለዘገየሁ ይቅር በሉኝ።

ሕመሙን አልተርክም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ያልጠየቀም የለም።

መቼም እንዲህ ያለ ደብዳቤ «ከጎናችን ለቆማችሁ በሙሉ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው አለ። ሹፌሩ። ስሙን አልጽፍም፤ «ስሜን ብትጽፊ ሁለተኛ መኪናዬ ላይ አትወጪም» ብሎኛል። ያን ቅጥቅጥ አይሱዙ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከእኛ ከተማ ባቡር የለም። ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና አዲስ አበባ መግባት፣ ከዚያ ከተማውን አቋርጦ ለቡ ጣቢያ መድረስ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሰው መዝግቦ ባቡር ሊያሳፍር በሚያስጓዝበት ቀን ሹፌሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መንገድ ይጀምራል። መስታወቱ ላይ የተጋገረውን የታኅሣሥ ውርጭ በሆነ ካርድ እየፋቀ ከየበራችን ይለቅመናል። ጋሼ ከፊት ወንበር ባናውን ተከናንቦ፣ ደብተሩን በባትሪ እያየ ሰው ይቆጥራል።

ጋሼ ስም አይዝም ነበር። ደብተሩ ላይ ሰው የሚጻፈው በምልክቱ ነው። «ባለ በሶዋ»። «መስኮት ፈላጊው»። «ሞጆ ላይ የሚያስመልሰው ልጅ»። ሹፌሩን ራሱን ስንት ዓመት ሙሉ «ቅጥቅጥ» ብሎ ነው የጻፈው።

ያ «ቅጥቅጥ» ታዲያ፣ ጋሼ ሲታመም አሥራ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ አመላለሰን። እያንዳንዷ ቀን እንጀራው ናት። ማታ ተሰልፎ ነዳጅ ይቀዳል፣ ንጋት ላይ በራችን ቆሞ እናገኘዋለን። ብር ስሰጠው «ደብተሩ ላይ ይያዝልኝ» ይላል። አንድ ቀን የሐኪም ቤቱ ሊፍት አልሠራም አለ። ቃሬዛ ይምጣ፣ ሰው ይጠራ ስንባባል፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ጋሼን አዘለና ከሦስተኛ ፎቅ አወረደው። ጋሼ ጀርባው ላይ ሆኖ «ቀስ! ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን ያዝ» ይለዋል። እኔ መድኃኒቱን ይዤ ከኋላ እየሳቅሁ አለቅሳለሁ።

የመጨረሻው ምልልስ ቀን ሐኪሞቹ ቤቱ ይሁን አሉን። ከአዲስ አበባ ስንወጣ ሹፌሩ ወደ ደብረ ብርሃን መታጠፍ ሲገባው በሞጆ መንገድ ቀጥ አለ። «መንገድ ስተሃል» አልኩት። «አልሳትኩም» አለ። ከሞጆ ወዲህ፣ ሐዲዱ ከመንገዱ በሚታይበት ቦታ ዳር ይዞ አቆመ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። የሰው ባቡር አልመጣም። የመጣው ዕቃ ጫኝ ነው፣ ኮንቴይነር ተሸክሞ ከጅቡቲ በኩል። ጋሼ ጣቱን ባናው ላይ እያነሳ እየጣለ ፉርጎ ቆጠረ። ሠላሳ ካለፈ በኋላ ጠፋበት። «ይድገመን» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ጫጫ ስንደርስ ጣቱ ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

ለዚህ ምን ተብሎ ነው የሚመሰገነው? ቤተሰቡ ተመካክሮ ከዘራውን ሰጠው።

ከዘራውን ታስታውሱታላችሁ። ወይራ ነው፣ ልክ አንድ ሜትር። ጋሼ ራሱ ለክቶ ነው ያስቆረጠው። አዋሽ ስንወርድ በድሮው ሐዲድ መካከል ያጋድመዋል። ልክክ ይላል፤ የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። ከዚያ ልጆቹን ሰብስቦ «አዲሱስ?» ይላል። መልሱን ከዘራውን አፈር ላይ አስተኝቶ፣ ጫፉ ላይ የራሱን ክንድ ጨምሮ ያሳያል። «አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል። ከዘራና ክንድ፣ ክንዱም ሳይሞላ።» ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ሁልጊዜ ግን ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር ይዞ ነበር የሚመለሰው። እኔም ሁልጊዜ እነጫነጭ ነበር። አጣቢዋ እኔ ነኛ።

ሹፌሩ ከዘራውን ተቀብሎ ምንም አላለም። ከመቀመጫው ጀርባ አስገባው፣ በሩን ዘጋ። ሩብ ሰዓት ያህል ሞተር ሳያስነሳ ተቀመጠ። እኛም መጋረጃውን መለስን።

አሁን ወደ ሌሎቻችሁ ልምጣ።

የድሬዳዋ የምድር ባቡር ጡረተኞች። ለአርባው አራት ሆናችሁ መጣችሁ። ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነስታችሁ ወደ 2,800 ወጣችሁ፣ ያውም በዚያ ዕድሜ። ሦስት ሌሊት ቤታችን ስታድሩ «አቦ፣ ይሄን ብርድ ምን ብላችሁ ቻላችሁት?» ስትሉ ቤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ጋሼ በወጣትነቱ ለሥራ ድሬዳዋ ሲሄድ በሊትሪና፣ በድሮው የመንገደኛ ባቡር፣ እንደተሳፈረ፣ ከዚያ ወዲህም እንዳልዳነ ሁላችንም እናውቃለን። የእናንተን ያህል ግን የሚያውቅለት አልነበረም። የድሮው ባቡር አዲስ አበባ መምጣት ካቆመ በኋላ እንኳ ሰው ይዞ ሲመጣባችሁ፣ የቆሙትን አሮጌ ሎኮሞቲቮች አንድ በአንድ እንደ ዘመድ አስተዋወቃችሁን። ጋሼ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር «ሙሽራ» ነበር የሚለው። ድምፅ የለውም ብሎ። እናንተ ጋ ሲመጣ ግን ሙሽራዋን አስቀምጦ ወደ አሮጊቶቹ ይሮጣል።

የአንኮበር ሰዎች፣ በተለይ ጠላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ። ጋሼ አዲስ ተጓዥ ሲመዘግብ መጀመሪያ የሚወስደው ወደ እናንተ ነበር እንጂ ወደ ጣቢያ አልነበረም። 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነዳን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አቁሞ በነፋስ እየተመታን ታሪክ ይነግረን ነበር። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. የሸዋ ንጉሥ ወደነበሩት ምኒልክ እዚሁ አንኮበር እንደመጣ። የባቡሩ ፈቃድ በ1886 እንደተሰጠው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ እንደገባ። «ስለዚህ» ይላል ጋሼ፣ «ባቡሩ የተፀነሰው እዚህ እኛ ጋ ነው። ወልደን ለሰው ሰጠን።» የታሪክ መምህሩ ጓደኛው በዚህ ሁልጊዜ ይከራከረው ነበር። ፅንሱ የት እንደሆነ በምን ይታወቃል፣ ይለዋል። እኔም ለመምህሩ አደላለሁ፤ ግን ጋሼ ፊት ትንፍሽ አልልም። መምህሩ በቀብሩ ቀን የሕይወት ታሪኩን ሲያነቡ «ባቡሩ አንኮበር ተፀንሶ» ብለው ጀመሩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ከወረቀቱ ቀና አላሉም። እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር።

እትዬ፣ የጎረቤታችን። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ያመጡለት አጥሚት። ምጣድና ድስቱን ገና አልመለስኩም፣ ይቅርታ።

የይፋት ሙስሊም ወንድሞቻችን፣ መንገዱ በማይታመንበት ሰሞን ከቆላ ወጥታችሁ ለመጣችሁ። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻና ወልዲያ በእናንተ ቆላ በኩል የተዘረጋውን ሐዲድ ያሳያችሁት እናንተ ናችሁ። ባቡር ሲሄድበት ሳያይ አለፈ። እሱን ሳስብ ነው የሚቆጨኝ። «ለሱ ቀን አይሱዙ አያስፈልገንም፣ ጣርማ በርን ወርደን እንሳፈራለን» ይል ነበር።

እድራችን፣ የሥላሴ ካህናትና የሰንበት ተማሪዎች፣ የጋሼ የድሮ የፋብሪካ ባልደረቦች፣ የቀበሌያችን ወጣቶች፣ ከውጭ አገር የደወላችሁ ዘመዶች፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ ውሃ የቀዳችሁ፣ ድንኳን ያደራችሁ፦ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ስማችሁን ወይም ምልክታችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። አውቄ አይደለም። እንደ ጋሼ ሆኜም ነው፤ ፊታችሁን አውቃለሁ፣ ስማችሁ ይጠፋብኛል። እንደተቀየማችሁ ከሰማሁ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ቡና አስፈልቼ ነው የምታረቃችሁ።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ለታኅሣሥ ቁልቢ ጉዞ ቀብድ የከፈላችሁ አላችሁ። መቼም ግማሻችሁ ለገብርኤል፣ ግማሻችሁ ለባቡሩ ነበር የምትሄዱት፤ ጋሼ ሁለቱንም አይጠላም። ብሩ በፖስታ ታሽጎ ደብተሩ ውስጥ ተገኝቷል፣ አንድም አልጎደለም። ሹፌሩ «ጉዞው አይቀርም፣ እኔ እነዳለሁ» ብሏል። መሄድ የምትፈልጉ ቀብዳችሁ ይቀመጥላችኋል። የማትፈልጉ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ቤት አለሁና መጥታችሁ ውሰዱ።

ቀብድ ከከፈሉት አሥራ ሰባት ሰዎች አሥራ አራቱን እኔና ሹፌሩ ተጋግዘን ለይተናል። ሦስት ቀርተዋል። ደብተሩ ላይ እንዲህ ነው የተጻፉት፦ «ባለ ሁለት ፌስታሉ»፣ «የሸዋ ሮቢቷ ሳቂታ» እና «ዝም ባዩ»። ባለ ፌስታሉንና ሳቂታዋን ሰው ይጠቁመን ይሆናል። ዝም ባዩ፣ አንተ ግን ራስህ ካልተናገርክ አናገኝህም።