መጀመሪያ ሚዛንሽን

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የላክሽልኝን የስኩባ (የአየር ታንክ ይዞ ውሃ ውስጥ የመጥለቅ) ኮርስ ዝርዝር አይቼዋለሁ፤ የሌሊት፣ የጥልቀት፣ የሰመጠ መርከብ፣ ናይትሮክስ፣ ፎቶግራፍ። የመጀመሪያውን ሰርተፍኬት ገና መቀበልሽ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ልጨርስ ትያለሽ። ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ አልከለክልሽም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን መቅደም ያለበት አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ዘለሽዋል። ውሃ ውስጥ ሚዛን ጠብቆ መቆየትን የሚያስተምረውን ማለቴ ነው።

ስሙ አይማርክም፣ አውቃለሁ። እስቲ 5 ሜትር ላይ ሳትቀዝፊ፣ እጅሽን አጣጥፈሽ ባለሽበት ለመቆየት ሞክሪ። አየር ስትስቢ ወዲያው ከፍ የምትዪ ይመስልሻል፤ አትዪም። ትንሽ ቆይቶ ነው ሰውነትሽ መነሳት የሚጀምረው። ያን ጊዜ ትደነግጪና አየር እየተሞላ ከሚያንሳፍፍሽ ጃኬት አየር ትለቂያለሽ፣ ትሰምጫለሽ፤ ደግሞ ትሞያለሽ፣ ሽቅብ ትወጫለሽ። ጀማሪ አየሩን የሚጨርሰው እንዲህ ሲታገል ነው። ብዙ ጊዜ ጣጣው ያለው ወገብ ላይ ነው፤ ለመስመጥ ከሚበቃው በላይ የእርሳስ ብረት ይታጠቅና እሱን ለማካካስ ጃኬቱን ይነፋል።

የሚያስቸግረው ደግሞ ላይኛው ውሃ ነው። ግፊቱ ከውሃው ፊት ላይ 1 ባር፣ 10 ሜትር ላይ 2፣ 20 ላይ 3፣ 30 ላይ 4 ነው። ከ30 ወደ 20 ሜትር ስትወጪ ጃኬትሽ ውስጥ ያለው አየር የሚጨምረው በሲሶ ነው፤ ከ10 ሜትር ተነስተሽ እስከ ላይ ስትወጪ ግን እጥፍ ይሆናል። ሳንባሽም እንደዚያው። ትንፋሽ አትያዢ እያሉ የሚጨቀጭቁሽ ለዚህ ነው፤ ከጥቂት ሜትር እንኳ ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስትተነፍሺ ሰውነትሽ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን እንዲወጣልሽ ለ3 ደቂቃ የምትቆሚውም እዚያው 5 ሜትር ላይ ነው።

ናይትሮክስን፣ ኦክስጅን የተጨመረበትን አየር ማለት ነው፣ አልጠላውም። ተራ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው፤ እዚህ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 36 ይሆናል። ሰውነትሽ የሚወስደው ናይትሮጅን ስለሚቀንስ ታች ረዘም አድርገሽ ትቆያለሽ። ግን አስቢው፦ ፓዲ በተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ሠንጠረዥ በተራ አየር 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ ይፈቀድልሻል፤ አሁን በምትተነፍሺው ዓይነት ታንክሽ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። የማትጠቀሚበትን ጊዜ ለምን ትገዢያለሽ? ጠልቆ ለመውረድ ይረዳል የሚልሽንም አትስሚ። 32 በመቶውን ይዘሽ ከ33 ሜትር ገደማ በታች መውረድ የለብሽም፤ ግፊት የበዛበት ኦክስጅን ውሃ ውስጥ እንዳለሽ ሊያንዘፈዝፍሽ ይችላል። ኮርሱን ስትወስጂ የታንክሽን ኦክስጅን በገዛ እጅሽ ለኪ።

የሌሊቱን ከወደድሽው ውሰጂው፤ ቀን ግራጫ መስሎሽ ያለፍሽው ኮራል በባትሪ ብርሃን ቀይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የሰመጠ መርከብ ከውጭ ማየት ደስ ይላል፣ ውስጡ መግባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ በአንድ ምት ደለሉ ከተነሳ የገባሽበት በር አይታይሽም። ካሜራው ከሁሉም መጨረሻ ይሁን። ካሜራ የያዘ ሰው የአየር መለኪያውን ማየት ይረሳል፣ አጠገቡ ያለውን ጓደኛውንም።

እኔ ከልቤ እንድትወስጂው የምፈልገው ከአድቫንስዱ፣ ከሁለተኛው ደረጃ ኮርስ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የነፍስ አድን ኮርስ ነው። ማስኩን ወደ ግንባሩ የገፋ፣ ሬጉሌተሩን፣ ከታንኩ የሚተነፍስበትን፣ ከአፉ የተፋ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ሰው ከፊት ለፊት አይቀረብም፤ ይይዝሽና አብሮሽ ይሰምጣል። ከኋላ ዞሮ ታንኩን መያዝ፣ ጃኬቱን መንፋት፣ ይህንን ሁሉ በተግባር ያስለማምዱሻል። በፍርሃቱ መጀመሪያ ላይ፣ ሰውየው ገና ትንፋሹ ሲፈጥን፣ አይቶ ማወቅንም።

በተረፈ ጉንፋን ይዞሽ እንዳትገቢ። ስትወርጂ የጆሮሽን ግፊት ማመም ከመጀመሩ በፊት አስተካክዪው። በተደጋጋሚ ከጠለቅሽ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ፤ የመመለሻ ትኬትሽን ስትቆርጪ ይህን አስቢበት። የሕክምና ቅጹ ላይ የልጅነት አስምሽን እንዳትደብቂ፣ ሐኪም ይየው። ቀኑን ስትወስኚ ደውዪልኝ፣ የእኔን የጠለቃ ኮምፒውተር፣ እጅ ላይ ታስሮ ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረውን፣ እልክልሻለሁ፤ መመሪያውን ግን ሳታነቢ እንዳታስሪው።

አባትሽ