ትራንስክሪፕታችን በሰዓቱ ይላክልን፦ ከድሬዳዋ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የከፍተኛ ትምህርትን ጉዳይ ለያዙት ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙ አይሆንልንም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው፣ ግን ጉዳዩ ስለከበደኝ እርስዎ ብዬ ልጻፍልዎ።

የስታትስቲክስ መምህር ነኝ፣ በማስተርስ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አሁን ፒኤችዲ መማር ነው የምፈልገው። ርዕሴ ደጄ ላይ ያለ ነው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ፣ ውሃው ከላይ ከደጋው ነው ወርዶ የመጣብን፣ ከተማው በተኛበት፣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በነጋታው የጎረቤታችን ረከቦት ግማሹ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያየሁት እስካሁን አይኔ ላይ አለ። እንዲህ ያለ ጎርፍ በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል፣ መከላከያ ግንቡስ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን የሚያጠና የስታትስቲክስ ዘርፍ አለ፣ ስራው ከአማካዩ ጋር ሳይሆን ከስንት አንዴ ከሚመጣው ከትልቁ ቁጥር ጋር ነው፣ የጥቂት ዓመት የዝናብ መዝገብ ይዞ በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ጎርፍ መገመት ደግሞ በማስተርስ እውቀት የሚደፈር አይደለም።

አምና ውጭ አገር ያለ አንድ ፕሮፌሰር ሐሳቤን ወዶት አመልክት አለኝ። ማመልከቻው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፣ አንዱን ዲግሪ ላይ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር መብራት ጠፍቶባቸው በስልካቸው ቁጭ ብለው ጽፈው ላኩልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። የቀረኝ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የሚላከው የውጤት መግለጫ ብቻ ነው። የወጪ መጋራቱን ከፍያለሁ፣ ክሊራንሱም እጄ ላይ ነው። ኦፊሻሉ ግን ለባለቤቱ አይሰጥም፣ ታሽጎ ከተማርክበት ቦታ በቀጥታ መሄድ አለበት። ጥቅምት ላይ ጠየቅኩ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ፣ ከዛ ማህተም የያዘችው ፈቃድ ወጥታለች ተባልኩ፣ ሁለት ጊዜ ክፍል ዘግቼ ከድሬ በባስ ሄድኩ። በሁለተኛው ፖስታዬን በመስኮቱ በኩል አየሁት፣ ስሜና አድራሻው ተጽፎበት፣ ታሽጎ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የተላከው ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ ነው። ፋይልህ አልተሟላም የሚል ኢሜይል መጣልኝ፣ በቃ አንድ ዓመት እንዲሁ ሄደ።

ክቡርነትዎ፣ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም እኮ። ትራንስክሪፕቱ ማረጋገጫ ኮድ ኖሮት በኢሜይል በቀጥታ ይላክ፣ ተቀባዩም ኮዱን አስገብቶ ያጣራ። እሱ እስኪደርስ ደግሞ በስንት ቀን ውስጥ መላክ እንዳለበት በጽሁፍ ይወሰን፣ ፈራሚ ሲጠፋ ተተኪው ይፈርም፣ ፖስታው ሲወጣም የመላኪያ ቁጥሩ በቴሌግራም ይድረሰን። አዲስ አበባ ያለ ልጅ እንኳን ቢያንስ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብሎ ይጠይቃል፣ ከድሬ፣ ከጅግጅጋ፣ ከጎዴ የሚመጣው ግን ምን ያድርግ?

ዘንድሮም አመለክታለሁ። ተመራቂ ተማሪዎቼም ከአሁኑ እየጠየቁኝ ነው፣ መቼ ጀምረን እንጠይቅ እያሉ፣ እኔም ክረምት ላይ ጀምሩ እያልኳቸው ነው። መልስዎን ታኅሣሥ ሳይገባ እጠብቃለሁ።

የስታትስቲክስ መምህር፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ