ስለ ቅዳሜው የሐረር የብስክሌት ጉዞ

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ጉዟችን በቀጠሮው ይካሄዳል። ድሬዳዋ ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተገናኝተን ልክ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንነሳለን። እባካችሁ አትዘግዩ፤ የሚያዝያ ሰማይ ጠዋት ጥርት ብሎ ከሰዓት በኋላ ሊጠቁር ይችላል።

የድሬን ሙቀት አምናችሁ በካናቴራ ብቻ እንዳትመጡ አደራ። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐሮማያ ስንደርስ ግን 2,000 ሜትር አካባቢ እንሆናለን። እዚያ ያላበው ሰው ዝናብ ካገኘው ብርድ ይመታዋል። ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዙ፤ ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉት።

እኔን ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። የመጀመሪያው ካፊያ አስፋልቱ ላይ ካለው አቧራና ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ክፉኛ ያንሸራትታል። የረጠበ ፍሬን ደግሞ ቶሎ አይዝም፤ ስለዚህ ከመታጠፊያው ቀደም ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ያዙት። ጭጋግ ከወረደ ሁላችንም ብስክሌታችንን እየገፋን እንሄዳለን። የደከመው ሰው ከኋላ የሚከተለን አይሱዙ ላይ ይጫን፤ ምንም ነውር የለውም።

ሐረር ላይ ከዘነበ ጀጎል ውስጥ ምሳችንን በልተን፣ ቡናችንን ጠጥተን እስኪያባራ እንጠብቃለን።

ስንመለስ ድሬ ፀሐይ ብትሆንም የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ እንጂ በአሸዋው ማንም እንዳያቋርጥ። የ1998 ዓ.ም. የሐምሌ ጎርፍ ከተማዋን በሌሊት የመታት ከላይ ከደጋው ወርዶ ነው።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁን፤ የመኪናውን ቦታ የምናስተካክለው በዚያ ነው።