ከፍዬበት ስላልተመዘገበው ወርቅ

ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
በፈረንጅ ጁን 23 ቀን 2025። ሁለቱንም የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ለኢንሹራንስ ወኪል ቢሮው ሥራ አስኪያጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከ2021 ጀምሮ የቤት ተከራይ ኢንሹራንሴን በእናንተ ቢሮ በኩል የገባሁ ደንበኛችሁ ነኝ። ደብዳቤውን በአማርኛ የምጽፈው ኢንሹራንሱንም የሸጣችሁልኝ በአማርኛ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛው የጠፋኝ እንዳይመስላችሁ። እናንተ ወኪል ከሆናችሁለት የኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር አራት ወር ሙሉ በእንግሊዝኛ ስከራከር ከርሜያለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ላስታውሳችሁ። በ2021 ኦክቶበር ላይ ከባለቤቴ ጋር ቢሯችሁ መጣን። ሠራተኛችሁ ቡና ጋበዘን። ተራው ፖሊሲ፣ ማለትም መደበኛው የኢንሹራንስ ውል፣ ለተሰረቀ ጌጣጌጥና ሰዓት የሚከፍለው እስከ 1,500 ዶላር ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ዕቃ በዝርዝር ማስመዝገብ እንደሚያስፈልግ የነገረን እሱ ነው። ተሰረቀ ሳይሆን እንዲሁ ጠፋ ብትሉ ደግሞ ተራው ፖሊሲ ምንም አይከፍልም አለን። እውነቱን ነው፣ በዚህ አመሰግነዋለሁ። እኛም እሺ ብለን ሁለት ነገር ልናስመዘግብ ወሰንን።

አንደኛው የባለቤቴ ኦሜጋ ሲማስተር የእጅ ሰዓት ነው። የትራክ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የመጀመሪያውን ዓመት ሲጨርስ፣ በ2020፣ ለራሱ የገዛው ነው። ሳጥኑም ደረሰኙም አለ። ሁለተኛው የሰርግ ወርቄ ነው። ሀብል ከነመስቀሉ፣ አምባርና ጉትቻ፣ ባለ 21 ካራት፣ ከፒያሳ የተገዛ። ሁለቱንም አስገምተን ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በዋትሳፕ ላክሁ። ሠራተኛችሁ የመለሰልኝ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፦ «ደርሶኛል፣ ገብቷል፣ አታስቢ።»

እኔም አላሰብኩም።

ባለፈው ጥር ለእህቴ ሰርግ አዲስ አበባ ሄድን። ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጥር 16፣ የጎደለ ነገር ልንገዛ መርካቶ ወረድን። መርካቶ ወርቅ አድርጎ የሚሄድ የለም። አማቴም ባለቤቴን «ሰዓቱን አውልቅ» አሉት። ሁሉንም ሻንጣ ውስጥ ቆልፈን ወጣን። ከቀኑ 9 ሰዓት ስንመለስ የመስኮቱ ብረት ተፈልቅቋል፣ ሻንጣው ተሰብሯል። አልጋው ስር አንድ ጉትቻ ብቻ ወድቆ አገኘሁ። እህቴን በባዶ አንገት ዳርኳት። ይሄ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ ግን አንዴ ልበለው።

ፖሊስ ጣቢያ አመለከትን፣ ማስረጃ ተጻፈልን። አስተርጉመን ለኩባንያው ላክን። በማርች የመጣው መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ ስርቆቱ የደረሰው ሜይ 16 ቀን 2017 ስለሆነና ፖሊሲው ያኔ ስላልነበረ ካሳ አይከፈልም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ነው የተናደድኩት። ማስረጃው ላይ የተጻፈው 16/05/2017 ነው። አምስተኛው ወር ጥር ነው፣ ዓመቱም የእኛ ነው። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦታል። «9 ሰዓት»ንም እንዲሁ፤ እነሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብለው አነበቡት። በዚህ ሒሳብ የባለቤቴ ሰዓት ከመገዛቱ ከሦስት ዓመት በፊት ተሰርቋል ማለት ነው። የ2020 ደረሰኙ እዚያው ፋይል ውስጥ አለ፣ ማንም አላስተያየውም።

ፈረንጅ ይሄን ባያውቅ አልፈርድበትም። ግን የመልሱ ግልባጭ ለእናንተም ደርሷል። ደውዬ ስጠይቅ «ኩባንያው የወሰነው ነው፣ እኛ ምን እናደርጋለን» ተባልኩ። ቢሯችሁ ግድግዳ ላይ የአበሻ ካላንደር ተሰቅሎ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀና ብሎ አይቶ አንድ ኢሜይል መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ አበሻ ቢሮ የመጣሁት ለቡናው ብዬ አልነበረም።

በመጨረሻ የሁለቱን ካላንደር ቀኖች ጎን ለጎን ጽፌ፣ የአውሮፕላን ትኬታችንን አያይዤ፣ እኔው አስረዳኋቸው። ገብቷቸው ፋይሉን እንደገና ከፈቱት። ሜይ ላይ የሰዓቱን 5,200 ዶላር ሙሉውን ከፈሉ።

ለወርቁ ግን የተሰጠኝ 1,000 ዶላር ነው። ወርቁ በዝርዝሩ ላይ የለም አሉኝ። ስለዚህ በተራው ፖሊሲ ታየ፣ 1,500 ሆነ፣ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ደንበኛው ከራሱ የሚችለው ድርሻ፣ 500 ተቀነሰ። የግምቱ ወረቀት ከእናንተ ቢሮ አልደረሰንም ብለዋል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንይ። ዕቃ በዝርዝር የሚመዘገብበት የተጨማሪው ሽፋን ዋጋ በዓመት ከ100 ዶላር 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው ብላችሁኛል። ሰዓቱ 5,200፣ ወርቁ 4,600 ተገመተ፣ በድምሩ 9,800። ክፍያው 117 ዶላር ከ60 ይመጣል። እኔም በየኦክቶበሩ ለቢሯችሁ የከፈልኩት ልክ ይሄን ነው፣ አራት ጊዜ፣ አራቱም ደረሰኝ አለኝ። ሰዓቱ ብቻ ተመዝግቦ ቢሆን የምከፍለው 62 ዶላር ከ40 ነበር። ልዩነቱ በአራት ዓመት 220 ዶላር ከ80 ይሆናል። የት ገባ? የማንንም ስም ማጥፋት አልፈልግም። ግን የወርቁን ክፍያ እየተቀበላችሁ ወርቁን አለማስመዝገባችሁ መልስ ይፈልጋል።

የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ፖሊሲው በየዓመቱ ሲታደስ የሚመጣውን ወረቀት ከፍቼ አላነበብኩም። ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ እንዳለ ባየሁ ነበር። «አታስቢ» ተብዬ አላሰብኩም።

ሌላም አለ። የተሰረቀው ወርቅ 62 ግራም ነው። ባለ 21 ካራት ስለሆነ ንጹሑ ከ54 ግራም ትንሽ ይበልጣል። በ2021 የወርቅ ዋጋ በአውንስ (31 ግራም ገደማ ነው) 1,800 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ተቀልጦ ቢሸጥ ወደ 3,100 ዶላር ያወጣል። በተሰረቀበት ሰሞን አውንሱ ከ2,700 አልፎ ነበር፤ ያው ወርቅ ወደ 4,800 ገደማ ገብቷል ማለት ነው፣ የእጅ ሥራውን ሳይጨምር። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ግምቱን አድሺ» ያለኝ የለም። ይሄን ልዩነት ክፈሉኝ አልልም፣ የተስማማነው በ4,600 ነው። ግን ሌላውን ደንበኛ ንገሩት። ወርቅ ያለው አበሻ ብዙ ነው።

የምጠይቀው ይሄ ነው። ወርቁ በ4,600 ዶላር እንዲመዘገብ በ2021 መጠየቄንና ክፍያውን መቀበላችሁን ለኩባንያው በጽሑፍ አረጋግጡ። የቀረኝ 3,600 ዶላር ከኩባንያውም ይምጣ ከእናንተ፣ ይከፈለኝ። ወኪሎች ለራሳቸው ስህተት የሚገቡት ኢንሹራንስ እንዳለ አውቃለሁ፤ ካላችሁ መጠቀሚያው አሁን ነው። 220 ዶላር ከ80ውን መመለስ ብቻውን አይበቃኝም፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ስልክ አትደውሉልኝ፤ በስልክ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ኢንሹራንስ ለሚቆጣጠረው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር አቀርባለሁ። ፎርሙን ሞልቼ ጨርሻለሁ።

የዋትሳፑን መልእክት፣ የሁለቱን ዕቃዎች ግምት፣ አራቱን ደረሰኞችና የፖሊስ ማስረጃውን ከነትክክለኛ ትርጉሙ አያይዣለሁ። የቀረችዋን ጉትቻ ማየት ከፈለጋችሁ ቤት አለች፣ አሳያችኋለሁ። አልሰጥም እንጂ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ