ከሣጥኑ በፊት ጎማው ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ ስለ መጓዝ የሚወጡ ጽሑፎችን ሳነብ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ወሬው ሁሉ ስለ ዕቃ ነው፤ ስለ አሉሚኒየም ሣጥን፣ ስለ ተጨማሪ መብራት፣ ስለ ስልክ መያዣ። ያን ሁሉ ዕቃ የሚሸከመው ጎማ፣ የሚጎትተው ሰንሰለትና የሚያቆመው ፍሬን ግን «ከጉዞ በፊት ሰርቪስ ይደረግ» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። ይህ ምክር ማንንም አይረዳም፤ ምን እንደሚታይ፣ በምን እንደሚለካና ልኩ ስንት እንደሆነ አይናገርምና። መንገድ ላይ የሚያስቀሩትም ሆነ የሚጥሉት አብዛኞቹ ብልሽቶች ከመነሳት በፊት በእጅና በዓይን ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ የጎደለውን ልጻፍ።

ሰርቪስ በመነሻው ዋዜማ አይሠራም። ሁለት ሳምንት ሲቀር ይሠራና ሞተር ሳይክሉ ለጉዞው የታሰበውን ጭነት በሙሉ ተጭኖ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ። አዲስ ሰንሰለት የሚረግበው፣ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን የሚላላው፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ከዲስኩ ጋር የሚላመደው በዚያ ጊዜ ነው። አዲስ ጎማም ላዩ እስኪሻክር ድረስ ያንሸራትታል፤ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትሮች በቀስታ መንዳት የሚሻለው ሙሉ ጭነት ይዞ ዝናብ ላይ ከመድረስ በፊት ነው።

ጎማን ላስቀድም። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ማለትም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ነው። ሲነዳ የዋለ ጎማ ስለሚሞቅ ንፋሱ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ይህን አይቶ ያስተነፈሰ ሰው በነጋታው ከልኩ በታች ሆኖ ያገኘዋል። ትክክለኛው ልክ በመመሪያው መጽሐፍ ወይም በሰንሰለቱ መሸፈኛ አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ እንጂ ለእርስዎ ሞተር ሳይክል የተመከረው አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ብዙ ትልልቅ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ሙሉ ጭነት ሲይዙ ለፊት 36፣ ለኋላ 42 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይጠይቃሉ። ንፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ጭነትና ፍጥነት ሲጨመሩበት ሙቀቱ የውስጡን ክር ከላስቲኩ እስከ መለየት ይደርሳል። ከዚያ በፊት ምልክት ይሰጣል። መሪው ይከብዳል፣ ኩርባ ላይ ሞተር ሳይክሉ ዘግይቶ ይታዘዛል። እንዲህ ሲሰማዎት መድረሻው ምንም ያህል ቢቀርብ ቆመው ይለኩ።

የጎማው ዕድሜም ይታይ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2321 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ ይመርመር፤ አሥር ዓመት የሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይጣል፣ ላስቲኩ ደርቋልና። የጥርሱ ጥልቀት በብዙ አገሮች ሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ይፈቀዳል። ለረጅም ጉዞ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ የኋላ ጎማ መነሳት አይገባም እላለሁ፤ በመጠኑ የሚገጥም ጎማ የማያገኙበት ቦታ ላይ ያልቅብዎታል። ከላስቲክ የተሠራውን ቫልቭም በጣት ጎንበስ አድርጎ ሥሩን ማየት ነው። የተሰነጠቀ ከሆነ በመቆሚያ ቦታ የማይታይ ቀዳዳ በፍጥነት ላይ ይከፈታል።

ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ ሲበሳ ከውጭ በሚሰካ ገመድና ማስቲሽ ይደፈናል፤ ይህ የሚሠራው መንገዱን በሚነካው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ጎኑ የተበሳ ጎማ አይደፈንም። ባለ ሽቦ ቸርኬ የሆነና ካላማዳሪያ ያለው ከሆነ ደግሞ የፊትና የኋላ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ሦስት የጎማ ማውጫ ብረትና ንፋስ መሙያ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው ጎማውን ከቸርኬው ጠርዝ ማላቀቁ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ አንዴ ሳይለማመዱ መንገድ መውጣት አደገኛ ነው።

ወደ ሰንሰለቱ ልለፍ፤ በቸልታ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ነው። የታችኛውን መስመር መሃሉ ላይ በጣት ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ ገፍተው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። ለብዙ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞላቸው ረጅም የሆኑት ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በጎን እግር ወይም በመሃል ማቆሚያ ላይ ቆሞ መለካቱን መመሪያው ይናገራል፤ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉና መመሪያውን ይከተሉ። አንድ ቦታ ለክቶ መተው ግን አይበቃም። ሰንሰለት ሲያረጅ እኩል አይረዝምም፤ ጎማውን በእጅ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ በጣም የተወጠረበትን ቦታ ፈልገው ልኩን እዚያ ይውሰዱ። ሰውና ዕቃ ሲጫን የኋላው ሞላ ይጨመቃል፤ የኋላው ጎማ መሃል፣ ጎማውን የያዘው ሹካ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያና የፊቱ ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) አንድ መስመር ላይ ሲመጡ ሰንሰለቱ ከሁሉ የበለጠ ይወጠራል። ባዶውን «በደንብ ጠበቅ» ያለ ሰንሰለት ተጭኖ ጉድጓድ ሲመታ የፊቱን ጥርስ የያዘውን ዘንግ ኩሽኔታ ይገፋዋል። ያ ኩሽኔታ ሲሄድ ሞተሩ ካልተከፈተ አይቀየርም። የላላ ሰንሰለት ይንቀጫቀጫል፣ ይሰማል፤ የጠበቀው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይጎዳል። ከሁለቱ ስህተት ትንሽ መላላቱ ይሻላል።

ሲስተካከል የጎማው ዘንግ ዳዶ ይላላና ማስተካከያዎቹ በግራም በቀኝም እኩል፣ በየሩብ ዙር ይዞራሉ። መጨረሻ ላይ ዳዶው በመመሪያው ልክ በቶርክ መፍቻ (የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠብቃል፤ በትልልቆቹ ላይ ልኩ 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይሆናል። ዘይት የሚቀባው በየ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝናብ ከመታው በዚያው ምሽት። ማታ ሰንሰለቱ ገና ሞቅ እያለ ከውስጠኛው በኩል ተቀብቶ ካደረ ዘይቱ ይገባል፤ ጠዋት ተቀብቶ ወዲያው ሲነዳ ግማሹ የኋላ ጎማው ላይ ይረጫል። ጽዳቱ በነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ ይሁን። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ በማያያዣዎቹ መካከል ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች ይበላሉ፤ ቀለበቱ ከተበላ በፋብሪካ የታሸገው ግሪስ ይወጣና ሰንሰለቱ ያለ ዕድሜው ያልቃል። ሞተሩ በርቶ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ጎማው እየዞረ ሰንሰለት አይጠረግም። ጨርቁ ከጥርሱ ጋር ሲጠቀለል ጣት ይዞ ይገባል። ይህን ደጋግሜ ብጽፈው ደስ ይለኛል።

ማለቁን ለማወቅ ሰንሰለቱን በኋላው ጥርስ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ይሳቡት፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል። ሰንሰለቱና ሁለቱ ጥርሶች አብረው ይቀየራሉ፤ አዲሱ ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ከገባ ቶሎ ያረጃል። ትርፍ ባለ ቅንጥብ ማያያዣ የያዘ ሰው ደግሞ የቅንጥቡ የተዘጋው ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር እንዳለበት አይርሳ፤ ክፍቱ ጫፍ ከፊት ከሆነ የሚነካው ነገር ገፍቶ ያወጣዋል።

የሞተር ዘይት ላይ አጭር ቃል። በብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ስለዚህ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ምልክት (እንዲህ ላለው ሞተር ሳይክል የሚሆን ዘይት ደረጃ) ይፈለጋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማለስለሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ምልክቱ ጋዝ ሲሰጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አለመጨመሩ ነው፣ ይበልጥም በጭነት ዳገት ላይ።

የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዶት 4 የሚባለው ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት የጠጣው ግን በደረጃው መሠረት ሊወርድ የሚችለው እስከ 155 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተይዞ ሲወረድ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ይጨመቃል፣ የፍሬኑ መያዣ እስከ መሪው ድረስ ባዶውን ይመጣል። ስለዚህ ቁልቁለትን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም።

ጭነቱን በሂሳብ እንየው። በመመሪያው ላይ ከፍተኛው ጠቅላላ ክብደት 450 ኪሎ፣ ነዳጅ የሞላው ሞተር ሳይክል 250 ኪሎ ቢሆን የሚቀረው 200 ነው። ልብሱንና ሄልሜቱን የለበሰ ነጂ 90፣ ከኋላ የተቀመጠው 80 ቢመዝኑ 30 ኪሎ ይቀራል። የአሉሚኒየም ሣጥኖቹና ተሸካሚያቸው ባዷቸውን ከዚያ ግማሹን ሊወስዱ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሣጥኑ መጨረሻ ይገዛ የምለው። ከባዱ ዕቃ፣ መሣሪያና ውኃ፣ በጎን ሣጥኖቹ ታች፣ ወደ ፊት ተጠግቶ፣ በሁለቱም በኩል እኩል ይቀመጥ። የላይኛው ሣጥን ከኋላ ጎማው መሃል ወደ ኋላ ስለሚወጣ ልክ እንደ ማንሻ ዘንግ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ መሪው በፍጥነት ላይ መወዛወዝ የሚጀምረውም በዚህ ነው። ብዙ አምራቾች ለላይኛው ሣጥን ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ ይፈቅዳሉ። ከጫኑ በኋላ የኋላውን ሞላ ውጥረት ይጨምሩ፤ ኋላው ሲሰምጥ የፊት መብራቱ ሽቅብ ስለሚያይ እሱንም ዝቅ ያድርጉት።

መብራትና ማሞቂያ ለሚጨምሩም ሂሳቡ ተመሳሳይ ነው። ዲናሞው 400 ዋት ቢሰጥና ሞተር ሳይክሉ ራሱ 250 ቢወስድ ለሌላው 150 ይቀራል፤ ባለ 55 ዋት ሁለት መብራት ብቻውን 110 ይበላል። የሚሞቅ ጃኬት ከተጨመረ ባትሪው እየሞላ ሳይሆን እየጎደለ ይሄዳል። በቮልት መለኪያ ሲታይ አድሮ የቆመ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ፣ ሞተሩ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። የሚጨመረው መስመር ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ፊውዙ መብራቱ ጋ ከሆነ በመሃል ተፋቆ የተላጠ ሽቦ ብረት ሲነካ የሚያቋርጠው ነገር የለም፤ ይቃጠላል።

ስለ መሣሪያ የምመክረው አንድ ዘዴ ነው። የመጨረሻውን ሰርቪስ ለጉዞ በሚይዙት መሣሪያ ብቻ ይሥሩት። የጎማውን ዘንግ የሚፈታው መፍቻ አለመኖሩ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። የፍሪሲዮን ሽቦን በተመለከተ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጎን መንገዱን አስይዘው በላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት፤ አሮጌው ሲበጠስ ታንኩን ሳያነሱ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ቀይሮ መቀጠል ይቻላል። ጫፎቹን ግን አቧራና ውኃ እንዳይገባባቸው በፕላስቲክ ጠቅልለው ያሽጉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያ